«ሥራውን ጠላሁት መሰለኝ» ላለችው አዋላጅ ነርስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ ጤና ጣቢያ ሦስተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ቤተሰብሽ «ይብቃሽ፣ ከተማ ግቢና የግል ክሊኒክ ተቀጠሪ» ይሉሻል። መማር ትፈልጊያለሽ፣ ትዳሩም ያሳስብሻል። መጨረሻ ላይ «ሥራውን ጠላሁት መሰለኝ» ብለሻል። እኔን ግን የያዘኝ መሐል ላይ ነካ አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው፦ የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ከተበላሸ አምስት ወር ሆኖታል፤ ሦስት ጊዜ ብትጽፊም መልስ የሰጠሽ የለም።

ሥራውን የጠላ ሰው ስለ ማቀዝቀዣ ሦስት ደብዳቤ አይጽፍም። ከወሊድ በኋላ ደም እንዲቆም የምትወጊው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን እንደሚያጣ ታውቂያለሽ። የወለደች እናት ደሟ አልቆም ሲል፣ የያዝሽው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ ሳታውቂ መርፌውን ትወጊያለሽ። ይህን ፍርሃት አምስት ወር ሙሉ ብቻሽን ተሸክመሻል። ያደከመሽ ገጠሩ አይመስለኝም፤ ጠርተሽ መልስ ማጣትሽ ነው።

ገጠር ክሊኒክ ውስጥ ሰባት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ልለቅ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ያስቀረችኝ በየወሩ ለሱፐርቪዥን የምትመጣ አንዲት ሴት ናት። መዝገቡን ገልጣ «ይህችን እናት ወደ ሆስፒታል ለመላክ ለምን ዘገየሽ?» ትለኛለች፤ ከዚያ አጠገቤ ቆማ ታሳየኛለች። ጥያቄዋ ያስጨንቀኝ ነበር፤ ሥራዬን የሚያይ ሰው እንዳለ ግን አውቅ ነበር። እሷ ተዛውራ ተተኪ ሳይመጣ ሲቀር፣ ዓመት ሳይሞላ ከአምስታችን ሦስቱ ለቀቁ። ደሞዙ ያው ነበር፣ መንገዱም ያው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገጠር ሲኖር እዚያ የሚሠሩት ከነርሶች 38 በመቶ፣ ከሐኪሞች ከሩብ በታች እንደሆኑ ጽፎ ነበር። በ2021 ሲያድሰውም ከገንዘብ ማበረታቻው ጎን የሙያ ድጋፍን፣ የዕድገት ዕድልን፣ ደህና መኖሪያንና የሥራ ቦታ ደኅንነትን አስቀምጧል። ስለዚህ እነዚህን ስትጠይቂ ውለታ የለመንሽ እንዳይመስልሽ።

ከሁሉም በላይ ቀን ጠይቂ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከየክፍለ ሀገሩ ተቀብሎ ያስተምራል። ተመራቂው የትምህርት ወጪው እንዲቀርለት ወደ መጣበት ተመልሶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያገለግላል። ዘጠኝ ዓመት ረጅም ነው፤ ሰውዬው ግን ከመግባቱ በፊት መቼ እንደሚያበቃ ያውቀዋል። አንቺ ሦስተኛ ዓመትሽ ላይ ሆነሽ የትምህርት ተራሽ መቼ እንደሚደርስ የነገረሽ የለም። የት እንደሚያበቃ ያልተነገረው ሰው እንዲጸና መጠበቅ ግፍ ነው።

እንግዲህ አራተኛውን ደብዳቤ ጻፊ፤ ይህኛው ስለ ማቀዝቀዣው ብቻ አይሁን። ማን፣ በስንት ጊዜ አንዴ መጥቶ ሥራሽን እንደሚያይ፣ ሌሊት ከባድ ምጥ ሲገጥምሽ የትኛው ሐኪም ጋ እንደምትደውዪ፣ ማታ ስትጠሪ ማን አብሮሽ እንደሚወጣ፣ የትምህርት ተራሽም በየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠይቂ። ምላሹን በጽሑፍ ተቀበይ፤ በቃል የተገባልሽን ቀጣዩ ኃላፊ አያውቀውም። ሁለት ወር ጠብቂ። ከተመለሰልሽ እዚያው ብትቆዪ ይሻልሻል ባይ ነኝ። ካልተመለሰልሽ ያለ አንዳች ጸጸት ዝውውር ጠይቂ፤ ግን ወደ ግል ክሊኒክ ሳይሆን ብዙ እናቶች ወደሚወልዱበት ሆስፒታል ይሁን። እጅሽ ገና ብዙ የሚማረው አለ።

ስለ ቤተሰብሽ በግልጽ ልንገርሽ። ይወዱሻል፣ አልጠራጠርም። ነገር ግን የደሞዝሽ ግማሽ የሚሄደው ለእነሱ እንደሆነም ጽፈሻል። የከተማው ደሞዝ ከፍ ይላል፤ ዛሬ የማትከፍዪው የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ግን ከእሱ ላይ ይነሳል። ወረቀት አውጪና የሚተርፍሽን ደምሪ፤ ድምሩንም አሳያቸው። ከዚያ በኋላም «ነይ» ካሉሽ፣ «የምሄደው ለራሴ ሕይወት ነው ወይስ ለሚላከው ገንዘብ?» ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። በአንቺ ድካም ቤት የሚቆም ከሆነ በምትደክሚበት ቦታ ላይም ድምፅ አለሽ።

ትዳሩን በተመለከተ፣ ልብሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ገና ላልመጣ ሰው ብለሽ ግን የሥራ ቦታ አትምረጪ።

ደብዳቤውን ስትጽፊ ማቀዝቀዣውን አንደኛ ተራ ላይ አድርጊው። የቀድሞዎቹን ሦስት ደብዳቤዎች ቅጂ ከነቀናቸው አያይዢ፤ አንዱን ቅጂ በተቀባይ ፊርማ አስፈርመሽ ለራስሽ አስቀሪ።