ሆቢያችሁ በብር ነው ወይስ በዶላር?

ልጆች፣ አንዳንዶቻችሁ "ጋሼ፣ ገና ጉልበት ሳለኝ ሥራ ትቼ ካሜራዬን ይዤ መኖር እፈልጋለሁ፤ ይቻላል?" ትሉኛላችሁ። ይቻላል። ግን ጎንደር ተቀምጦ በብር ደመወዝ የሚኖር ሰው፣ ዩቲዩብ ላይ ባየው የፈረንጅ ቀመር አይወጣም። ዕድሜዬን በሂሳብ ሥራ ነው ያሳለፍኩት፤ ቁጥር ካበዛሁ ታገሡኝ።

ከጡረታ ሕጉ እንጀምር። በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መደበኛው መውጫ 60 ዓመት ነው። ቢያንስ 25 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን አበሉ (በየወሩ የሚከፈለው የጡረታ ገንዘብ) 5 ዓመት ቀድሞ፣ በ55 ዓመቱ ይጀምርለታል። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይዞ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሰው 25 ዓመት ቢያገለግል 48.75 በመቶ፣ ማለትም 9,750 ብር ያገኛል። 30 ዓመት ቢያገለግል ደግሞ 55 በመቶ፣ 11,000 ብር። ልዩነቱ 1,250 ብር ነው። "ለዚች ብዬ ነው 5 ዓመት የምለፋው?" የሚል አይጠፋም። ቀስ በሉ። በእነዚያ 5 ዓመታት ደመወዝ ቢጨምር፣ ስሌቱ የሚነሳበት አማካይ ራሱ ያድጋል። አበል ላይ የሚወጣ ሰው በድሮ ደመወዙ ነው ታስሮ የሚቀረው። መንግሥት አልፎ አልፎ ጭማሪ ያደርጋል፤ ገበያው ግን አልፎ አልፎ አይደለም የሚጨምረው።

በ23 ዓመቱ ተቀጥሮ በ48 ዓመቱ የወጣ ሰው ደግሞ አበሉ እስኪጀምር 7 ዓመት በራሱ ገንዘብ መሻገር አለበት። በግል ድርጅት ብቻ የሠራችሁ፣ የእናንተ ጡረታ ሕግ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ስለሆነ ቆጠራችሁ ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ ቤት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የራሳችሁ ጣሪያ ከሌላችሁ አስቀድሞ ጡረታ የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው አቆዩት። ኪራይ አበልን ይበላል፤ አራት ነጥብ።

አሁን ወደ ሆቢው። ሰው ስለ ጡረታ ሲያቅድ ጤፍን፣ ዘይትን፣ መድኃኒትን ይቆጥራል። የሚወደውን ነገር "ከተረፈ" ብሎ መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ታዲያ ሥራ የሚተወው ለምን ሆነና? እኔ የምመክራችሁ ሆቢያችሁን ከጤፉ ጎን እንድትጽፉት ነው። ስትጽፉት ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ነገር ዋጋው በብር ነው የሚንቀሳቀሰው ወይስ በዶላር?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ጊዜ ሌንስ ለመግዛት ሲያጠራቅም የነበረ ልጅ፣ አንድ ሳንቲም ሳያባክን ገንዘቡ ግማሽ ሌንስ ሆኖ ቀረ። ክራር የሚጫወተው ጓደኛው ግን ያን ያህል አልተነካም። እንጨቱ፣ ቆዳው፣ የሠሪው እጅ ሁሉም እዚሁ ነው። አውታሩ ሊወደድ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከሌንስ ጋር አይወዳደርም።

ፎቶ አታንሱ ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ከወጣትነቴ ጀምሮ ካሜራ አልተውኩም። ፊልም በነበረ ጊዜ እያንዳንዷ ፎቶ ገንዘብ ነበረች፤ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆመን ልጆቹ ወደ ውሃው የሚዘሉበትን ቅጽበት ትንፋሽ ውጠን ነበር የምንጠብቀው። አሁን እናንተ አንድ ዝላይ ላይ መቶ ታነሳላችሁ፤ ቅናቴን አልደብቅም። የምላችሁ፣ ዶላር የሚጠይቀውን ዕቃ ደመወዝ እያለ ግዙት ነው። ካሜራ፣ ሌንስ፣ ጥሩ የተራራ ጫማ፣ ድንኳን፣ ላፕቶፕ፦ እነዚህ ከአበል አይገዙም። ለዚህ ደግሞ ዕቁብ እወዳለሁ። ወለድ የለውም፤ ግን ዕጣው ሲወጣ ብሩን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ዕቃውን ታስገባላችሁ፣ ዋጋ ጥሏችሁ አይሄድም። ያገለገለ ዕቃም አትናቁ። ጥሩ ሌንስ በትክክል ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የካሜራውን አካል ብቻ መቀየር ይቻላል።

ከወጣችሁ በኋላ የሚቀረው ወጪ በብር የሚሸፈን ይሁን። ጎንደር ለዚህ ታድላለች። ወደ ጎሐ ኮረብታ በእግር መውጣት ጫማ ብቻ ነው የሚበላው። ማለዳ ከፒያሳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ መሄድ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ ማጥናት፣ ከሰዓት ቁስቋም ወጥቶ የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ማየት፦ ይህ ለአንድ ሰው ለዓመታት የሚበቃ ሥራ ነው። ሰሜን ተራሮች ይበልጥ ያምራል፤ ደባርቅም ቢሆን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን መንገድ የማይመችበት ጊዜ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ደስታችሁ ሁሉ ከከተማ ውጭ ከሆነ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር እናንተም ትዘጋላችሁ።

ኳስ የምትወዱ ደግሞ ከእኔ ጋር ትስማማላችሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ስለነበረ ጎንደሬው ደስታውን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ተከትሎ መሄድ ትራንስፖርትና አልጋ ነው፤ ቤት ዲሽ ማስገባት ወርሃዊ ክፍያ ነው። ሰፈር ቡና ቤት ተሰብስቦ ማየት ግን የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው፤ ጩኸቱም ይበልጣል።

"ሆቢዬን ሥራ ባደርገውስ?" የሚለውን ጥያቄ እፈራዋለሁ። ጥር ላይ ሰርግ ሲበዛ ካሜራ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ሰርግ ማንሳት ጀምሮ ዛሬ ለራሱ አንድ ፎቶ ማንሳት ያቃተው ልጅ አውቃለሁ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሆቢው የራሱን ሌንስ ይግዛ፣ የእናንተን እንጀራ ግን አይግዛ። በዓመት ጥቂት ሰርግ ይበቃል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ ባንክ ለድንገተኛ ወጪ ማስቀመጫ እንጂ የ7 ዓመት መሻገሪያ አይደለም። መንግሥት ከሕዝብ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ አለ፣ የአክሲዮን ገበያውም በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ተማሩት፤ ግን ሁሉን እዚያ አታፍስሱ። እኔ የምመርጠው ትንሽ ኪራይ የሚያመጣ ክፍል ነው። ኪራይ ከገበያው ጋር አብሮ ይራመዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ። ቀድማችሁ ጡረታ ስትወጡ ማኅበራዊ ወጪ አይቀንስም፤ ይጨምራል። "እሱ ሥራ የለው" ተብሎ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለእድር ስብሰባ፣ ለዘመድ ሐኪም ቤት የምትላኩት እናንተ ናችሁ። ታክሲው ከኪሳችሁ ነው።

ለመውጣት ከመወሰናችሁ በፊት ግማሽ ዓመት ሞክሩት። ደመወዝ እየገባ፣ የአበላችሁን ልክ ብቻ አውጥታችሁ ኑሩ፤ ቀሪውን አትንኩ። ሆቢውም፣ እድሩም፣ የእናት መድኃኒትም ከዚያች ውስጥ ይሁን። በሦስተኛው ወር ካሜራውን ለመሸጥ ካሰባችሁ ገና ናችሁ።

እስከዚያው የሰው ኃይል ክፍል ሄዳችሁ ፋይላችሁን ተመልከቱ። መዋጮው በትክክል እየገባ እንደሆነ፣ ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት እንደሆነ አረጋግጡ። የልደት ዘመናችሁንም እዩ፤ ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ነው።