14 ነዋሪዎች ስላሏት ከተማ፦ ለወጣት ባልደረቦቼ

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሕዝብ ቁጥር ስደምርና ሳነጻጽር ጠጉሬ ሸበተ። ዛሬ ይህን ሙያ ለምትጀምሩት የምጽፈው ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ዛፍ በማይበዛበት ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ትገኛለች። ስሟ ኒቆዲሞስ ይባላል፤ እኛ የዐቢይ ጾምን ሰባተኛ ሳምንት የምንጠራበት ስም ነው። በ2020 (ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በተደረገው ቆጠራ የተገኘባት ሰው 14 ብቻ ነበር።

በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥመኝ ከጎኑ «እየጠፋ ያለ ሰፈር» ብዬ ጽፌ ገጹን አልፍ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የኒቆዲሞስን ነገር ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከተማዋ የተመሠረተችው በ1877 ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ባርነት በሕግ ቀርቷል። ነፃ የወጣው ጥቁር ሕዝብ ግን አብዛኛው የራሱ መሬት አልነበረውም። ደብልዩ አር ሂል የተባለ ነጭ የመሬት ነጋዴና ደብልዩ ኤች ስሚዝ የተባሉ ጥቁር ሰባኪ ከሌሎች ጋር የከተማ ማኅበር አቋቁመው በኬንታኪ ሰው ማሰባሰብ ጀመሩ። በ1862 የወጣው ሕግ መሬቱ ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው እስከ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ይህ ወደ 65 ሄክታር፣ በእኛ በቀድሞው መለኪያ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። «መሬት ላራሹ» ሲባል የሰማ የእኔ ትውልድ ሰው፣ ዕድሜውን በሌላ ሰው እርሻ ላይ ለጨረሰ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

በ1877 መኸር ላይ ሦስት መቶ ያህል ሰው መጣ። እስከ ኤሊስ ከተማ በባቡር፣ ከዚያ በኋላ ወደ 55 ኪሎ ሜትር በእግር። በ1878 ጸደይ የደረሱት ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን ያዩትን በእርጅናቸው ተርከውታል። ኒቆዲሞስ ደረስን ሲባል ዙሪያውን ቢቃኙ ቤት የለም። «የት አለች?» ብለው ጠየቁ። ባለቤታቸው እዚህም እዚያም ከመሬት የሚወጣውን ጢስ በጣታቸው አሳዩአቸው። ሰዉ የሚኖረው መሬቱን ቆፍሮ ነበር። ወይዘሮዋ አለቀሱ።

እንጨት ስለሌለ የሚነደው የሱፍ አገዳና የጎሽ ኩበት ነበር። ኩበት የለቀመ ሰው ያን ክረምት በዓይነ ኅሊናው ማየት አይቸግረውም። ከአደን የሚመለሱ፣ ኦሴጅ የተባሉ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ሥጋ አካፍለው ከረሀብ እንዳተረፏቸው የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ይናገራሉ። ወደ ስልሳ የሚሆኑ ቤተሰቦች ግን መቆየቱን አልቻሉም፤ ተመለሱ። እነዚህን ሰዎች ደካማ አድርጋችሁ እንዳትጽፏቸው አደራ። ልጁ በብርድ የሚንቀጠቀጥበት አባት ውሳኔውን ለእኛ ሠንጠረዥ ብሎ አይወስንም።

የቀሩት ከተማ ሠሩ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሆቴል፣ ሱቆች፣ ትምህርት ቤትና አብያተ ክርስቲያናት ነበሯት፤ በ1886 እና በ1887 ሁለት ጋዜጦች ተጀመሩባት። እዚያ ይኖር የነበረው ጥቁሩ ኤድዋርድ ማካቤ በ1882 የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ባርነት ካበቃ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ!

ከዚያ የባቡሩ ነገር መጣ። ነዋሪዎቹ ሐዲዱ በከተማቸው እንዲያልፍ 16,000 ዶላር በቦንድ ለመክፈል ድምፅ ሰጡ፤ ገንዘቡን ሊከፍሉ የተስማሙት ከመሬት በታች መኖርን ያልረሱ ሰዎች ናቸው። በ1888 ሐዲዱ ከሶሎሞን ወንዝ ማዶ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ተዘረጋ፤ ቦግ የምትባል ከተማ በቀለች፤ ነጋዴው ዕቃውን ጭኖ ወደዚያ ተሻገረ። በእኛ አገር ባቡሩ ተራራውን ሸሽቶ ሐረርን ሲያልፋት ድሬዳዋ ከባዶ ሜዳ እንዴት እንደተነሣች ታውቃላችሁ። ሐረር ግን ብዙ ዘመን የቆየች፣ ግንብና ገበያ ያላት ከተማ ነበረች። ኒቆዲሞስ ዕድሜዋ ገና አሥራ አንድ ዓመት ነበር።

በ1930ዎቹ ደግሞ ድርቁ፣ የአቧራው ማዕበልና የኢኮኖሚው ድቀት ተደራረቡ። በ1935 የቀሩት 76 ሰዎች፣ በ1950 ደግሞ 16 ብቻ ነበሩ። በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ።

እነዚህን ቁጥሮች ስትደረድሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ አኃዝ የከተማዋን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው በዙሪያዋ ያለውን የእርሻ መንደር ጨምሮ ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ መስመር ያገናኘ ባለሙያ ያልተፈጠረ ዕድገትና ያልደረሰ ጥፋት ይሥላል። ወሰኑን ሳታረጋግጡ ግራፍ አትሥሩ። ይህን ስሕተት በትልልቅ ባለሙያዎች ሥራ ላይ ሳይቀር አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። የነፃነት በዓላቸውን የሚያከብሩት ያን ጊዜ ነው፤ መነሻው እንግሊዝ በግዛቶቿ ባርነትን የሻረችበት ነሐሴ 1 ቀን 1834 ነው። በ1939 በኖራ ድንጋይ የተሠራው የመንደሩ አዳራሽ ፊት ለፊት የቆሙትን መኪኖች ታርጋ አየሁ፦ ኮሎራዶ፣ ሚዙሪ፣ ካሊፎርኒያ። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ባዶው ሜዳ እየጠቆሙ «የአያቴ ቤት እዚያ ነበር» ይሉታል። እኔ የማየው ሣር ነበር። ልጁ ግን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው በቆጠራው ውስጥ የለም፤ ቆጠራ ሰውን የሚመዘግበው ዘወትር በሚኖርበት ቤት ነውና። ቦታው በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ የተሰየመው ግን ልጆቿ ተግተው ስለጠየቁ ነው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በራሴ መዝገብ ላይ ከነዋሪዎች ቁጥር ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨመርሁ፤ «የሄዱት የት ናቸው?» የሚል። ብዙው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ጡረታ ስወጣ መዝገቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ከትንንሾቹ መንደሮች ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።