መልስ፦ «ከወለድኩ 2 ሳምንቴ ነው፣ ራስ ምታት አልለቅ አለኝ፣ ክሊኒኩም አልሰማኝም። ጥቁር ስለሆንኩ ይሆን?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! መጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ አሁኑኑ ደውዪ። የማይለቅ ራስ ምታት የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ደም ግፊት ደግሞ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል። ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽ ካበጠ ወይም መለኪያው 160/110 ከደረሰ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ እዚያም ገና ስትገቢ «ከወለድኩ 2 ሳምንቴ ነው» በያቸው።

ልዩነቱ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 ወሊድ 50 ያህል ጥቁር እናቶች ሞተዋል፣ የነጮቹ ግን 14.5 ነው። መማርም ሆነ ገንዘብ ማግኘት ክፍተቱን አልዘጋውም፤ ይሄ ነው በጣም የሚያመኝ።

እኔ ስወልድ ገንፎ የሚያገነፋልኝ ዘመድ አልነበረም፣ ባሌም በ5ኛው ቀን ሥራ ገባ። ሕመሜን ስናገር ነርሷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ኖርማል ነው» አለችኝ።

አንቺ ዝም አትበዪ። ምርመራ አያስፈልግሽም ካሉሽ፣ መከልከላቸውን ፋይልሽ ላይ እንዲጽፉት ጠይቂ። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለሽ፣ ባልሽ ባያስተረጉም ይሻላል። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) ከሆንሽ ደግሞ ድሮ ከወሊድ በኋላ በ60 ቀን ይቋረጥ የነበረው አሁን በአብዛኛው ስቴት 12 ወር ሆኗል።

ደውለሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን፣ እየጠበቅኩ ነው።