እንጀራውስ?

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ኮምቦልቻ የምትማር የጎረቤታችን ልጅ ቡና ላይ “ጋሼ፣ ለወሎ የሚሻለው አማራጭ ኃይል የቱ ነው? ፀሐይ፣ ነፋስ ወይስ ባዮጋዝ?” ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ስለቆየሁ ቶሎ እንድመልስላት ጠብቃ ነበር። እኔ ግን የሌላ ሴት ጥያቄ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ወሎ ደጋ፣ ለጋምቦ ወረዳ ነው፤ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ። ያን ጊዜ የባዮጋዝ ማብላያ እናስገነባ ነበር። እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ከመሬት በታች ወደተሠራ ጉልላት ይገባል፤ አየር በሌለበት ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል። ከጋዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ በቧንቧ ምድጃው ድረስ ይመጣል። የተብላላው ፍግ ደግሞ ለማሳ ይተርፋል። አራት ከብት ያለው ቤት ይበቃዋል። ከልቤ አምኜበት ነበር፤ ዛሬም አምንበታለሁ።

ደሴ ጦሳ ሥር ነው ያደግሁት። ክረምት ኩበቱ ሲርስ እናቴ ምጣዱ ዳር ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትጋግር ነበር። ይህን ሙያ የመረጥኩት ያን ጭስ ለማጥፋት ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሰው ሳላስጨርስ አወራ የነበረው።

ለጋምቦ ላይ አንዲት እናት ማብራሪያዬን እስከ መጨረሻው ሰሙና “እንጀራውስ፣ ልጄ?” አሉኝ።

“እሱም ይጋገራል፣ እማማ” አልኳቸው።

ምድጃውን የሞከርነው በጀበናና በድስት ብቻ ነበር። ነበልባሉ መዳፍ ያህላል። ምጣድ ግን ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እሳቱ ዳር እስከ ዳር እኩል ካልደረሰው እንጀራው ዓይን አያወጣም። በአገራችን ቤቶች ትልቁን ማገዶ የሚወስደው እንጀራ መጋገር እንደሆነ ሥልጠና ላይ ተምሬ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እሳቸው ፊት ቆሜ ግን አላስታወስኩትም።

ሚያዝያ ላይ ጋዙ በራ። ሰማያዊውን ነበልባል ለማየት መንደሩ ተሰበሰበ። ከአቦል እስከ በረካ በዚያው እሳት ተፈላ፤ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልኝ። ከዚያ ቀን የበለጠ የተደሰትኩበት የሥራ ቀን የለኝም።

ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ስሄድ ግቢው ገላጣ ሆኖ ጠበቀኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲወለድ የተተከለው ጥድ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ለካ ኩበት የሚጠፈጠፈውና የሚከመረው በበጋ ለክረምት ነው። በዚያ ዓመት ግን እበቱ ሁሉ ወደ ማብላያው ስለገባ ክረምቱ ያለ ክምር ገባ። “ኩበቱን ጉድጓዱ በላብኝ። እንጀራ ደግሞ ሳይበላ አይታደር” አሉኝ፣ ምንም ሳይቆጡ። ያ ሁሉ እንዳይበቃ ማብላያው ሙቀት ይወዳል፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል፣ ከ15 በታች ሲወርድ ይዳከማል። በለጋምቦ ውርጭ ጋዙ ለአንድ ጀበና ብቻ የሚሆን ነበር። ለዚያችው ጀበና ሴት ልጃቸው በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውኃ ትጨምራለች። እኔ ስሸማቀቅ እሳቸው “አብሽር” ብለው ቡና አቀረቡልኝ።

ከዚያ ተመልሼ ሪፖርቴ ላይ “ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ ነው” ብዬ ጻፍኩ። ቡና ይፈላበታል፤ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስለ ጥዱ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ከቀሪው ሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

“መጀመሪያ ኅብረተሰቡን ጠይቁ” የሚል ምክር ሁሉም ይሰጣችኋል፤ አልደግመውም። እኔ እንዲያውም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እሳቸው ራሳቸው ጠይቀውኝ ነበር። “አላውቅም፣ ምጣዱን ያምጡና ጋግረን እንየው” ማለት አቃተኝ።

እናንተ የዘንድሮ ወጣቶች ሜጋ ዋት ትወዳላችሁ። የህዳሴ ግድብ 5,150፣ የአሸጎዳ የነፋስ ማመንጫ 120 እያላችሁ ስትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እናታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ ማገዶ እንደምትፈጅ ስጠይቃችሁ ግን መልስ የላችሁም። ትዕግሥት የላችሁም እላለሁ። ለጋምቦ ላይ ትዕግሥት ያጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እናንተን መውቀሴ ልክ ላይሆን ይችላል።

የማውቀውን ልንገራችሁ። ማብላያውን ያስቸገረው ብርድ ለፀሐይ ፓኔል ይስማማዋል፤ ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋው ለፓኔል፣ ውኃ እስከተገኘ ድረስ እንደ ቆቦ ያለው ቆላ ለባዮጋዝ ይሻላል። ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይረዋል የሚለው ግን ፓኔሉ ሳይሰቀል ይወሰን። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ጉብታው ላይና ሸለቆው ውስጥ ያለው ልዩነት በዓይን ግምት አይታወቅም፣ ዓመት ሙሉ መለካት አለበት። ለእንጀራው ደግሞ “ምርጥ” የሚል ስም ያለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያን ጊዜም ነበር። ለእማማ መጀመሪያ እሱን አስገብቼላቸው ቢሆን ኖሮ ጥዱ ምናልባት ዛሬም ይኖር ነበር።

ለጎረቤቴ ልጅ “አላውቅም” አልኳት፤ ቅር ሳትሰኝ አልቀረችም። የኩታበር አያቷ ዘንድ ሄዳ፣ ለሁለት ሳምንት ለእንጀራ፣ ለወጥና ለቡና የሚነደውን ለየብቻ እንድትመዝን ነገርኳት። ትናንት የእጅ ሚዛኔን ተውሳ ሄዳለች።