መልስ፦ ዳኞቹ ዝቅ ያለ ነጥብ የሰጡት ሰው እንዴት ዋንጫ ወሰደ?

ሰላም እህቴ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆናችሁ «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» የተባለውን፣ ታዋቂ ሰዎች ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋር ተጣምረው የሚወዳደሩበትን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር 27ኛ ምዕራፍ አይታችሁ «ቦቢ ቦንስ ያሸነፈው ተጭበርብሮ ነው ወይ?» ላልሽው፦ አይደለም። ያሳለፈው ደንቡ ራሱ ነው።

ሦስቱ ዳኞች ለአንድ ዳንስ እያንዳንዳቸው እስከ 10 ይሰጣሉ፤ ሲደመር ከ30 ማለት ነው። በዚያ ላይ የተመልካች ድምፅ ይታከልበታል። ቦንስ በብዙ ጣቢያ የሚሰማ የሬዲዮ ሰው ስለሆነ አድማጮቹ ተረባርበው ደገፉት። ተፎካካሪው ተዋናይ ማይሎ ማንሃይም በዳኞች ነጥብ ይበልጠው ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የመስታወት ኳስ ቅርጽ ያላትን ዋንጫ ያነሳው ቦንስ ሆነ። እኔም ብሆን ለማይሎ ነበር የምሰጠው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከባሕር ዳር ድምፅ አይሰጥ!

በውጤቱ ላይ የተነሳው ጩኸት ግን ከንቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በ28ኛው ምዕራፍ ደንቡ ተሻሻለ፦ የዳኞች ነጥብና የሕዝብ ድምፅ ተደምሮ ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት ሁለት ጥንዶች የሚሰናበተውን ዳኞቹ እንዲመርጡ ተደረገ። ሆኖም የሕዝብ ድምፅ አሁንም ትልቅ ጉልበት አለው።

«የኛ እስክስታ ወራጅ ቢገባስ?» ላልሽው ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ የሚፈተን ይመስለኛል። ዋልዝና ታንጎ በሚባሉት የጥንድ ዳንሶች ላይ ትከሻ ተረጋግቶ፣ ክንድ ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት፤ የኛ ሰው ደግሞ ከበሮ ሲሰማ መጀመሪያ የሚነሳበት ትከሻው ነው። እስከ ፍጻሜው ከደረሰ ግን ፍሪስታይል አለ። እዚያ የዳንስ ዓይነት ገደብ የለም፣ እንዳሻው ይንቀጥቀጥ።