የጀመርኩትን ሥራ ብተው እምነት ማጣት ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአቃቂ ወጣ ብሎ በቱሉ ዲምቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የዶሮ እርባታ ስጀምር «ቢሳካልኝ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ጠበል ባስረጭም ፈንግል ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ ዶሮዎቼ አንገታቸው እየተጠማዘዘ በጥቂት ቀን አለቁብኝ። እኅቴ ያበደረችኝን የዕቁብ ገንዘብም አልመለስኩም። ሌላ ብድር ልጨምር ስል ልቤ ፈራ፤ ጎረቤቶቼ ግን «ቅዱስ ያሬድ ያየው ትል ዛፉን የወጣው በሰባተኛው ነው» ይሉኛል። ብተወው ስእለት ማፍረስ ይሆንብኛልን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ስእለቱን ከሥራው ለይተን እንየው። የተሳሉት «ቢሳካልኝ» ብለው እንጂ «እርባታውን አልተውም» ብለው አይደለም፤ ስለዚህ ሥራውን ቢያቆሙ ያፈረሱት ስእለት የለም። «መክፈሉን አታዘግይ» የሚለው የኦሪት ቃል (ዘዳ. 23፥21) የሚይዝዎ ልመናዎ ሲፈጸም ነው።

መተው ሁሉ እምነት ማጣት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲሞክር መንፈስ ስላልፈቀደለት መንገዱን ለውጦ ወደ ጢሮአዳ ወረደ፤ ከዚያም ወደ መቄዶንያ ተሻገረ (ሐዋ. 16፥7-10)። ዳዊትም ቤተ መቅደስ ሊሠራ ቢያስብ የሚሠራው ልጁ እንደሆነ ተነገረው፤ ማሰቡ ግን «መልካም አደረግህ» ተብሎ ተመሰገነለት (1ኛ ነገ. 8፥18-19)።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ለተማሪ ታላቅ ማጽናኛ ነው፤ ነገር ግን ትሉ በወደቀ ቁጥር የወደቀው ራሱ ብቻ ነበር። እርስዎ ሲወድቁ የእኅትዎ ዕቁብ አብሮ ይወድቃል። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን ሊቆጥር እንደሚገባው አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ኪሳራውን» የሚለው ቃል ወጪ ማለት ቢሆንም፣ በእርስዎ ደብተር ላይ ዛሬ በምንጠቀምበት ትርጉሙም ሳይገኝ አይቀርም። ስለዚህ የጫጩቱን፣ የመኖውንና የክትባቱን ዋጋ ጽፈው ይደምሩ። ጠበል ማስረጨትዎ መልካም ነው፤ ለፈንግል ግን ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለ፤ ክትባቱን ትቶ በጠበል ብቻ መጠበቅ እግዚአብሔርን መፈታተን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ክትባቱም ቢሆን በወቅቱ ካልተሰጠና በቅዝቃዜ ካልተያዘ አይሠራም፤ ያለፉት ሁለት ጊዜያት በዚህ ምክንያት ከነበሩ ጥፋቱ የሚታረም ነው።

እንግዲህ ሌላ ብድር አይጨምሩ የሚለው የእኔ ምክር ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ግን ሐዘኑ በረድ ሲልልዎ፣ ደብተርዎን ይዘው ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ያድርጉት። የእኅትዎን ዕዳ ከፍለው ሲጨርሱ፣ ቤቱ በደንብ ታጥቦና ቆይቶ፣ በአሥር ወይም በሃያ የተከተቡ ዶሮዎች መሞከር የሚከለክልዎ የለም። ጃንጥላውን ግን አሁን በብድር ገዝተው እንዳያስገቡ፤ ከእኅትዎ ዕዳ ቀድሞ መከፈል የለበትም።