ወንድሜ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ስልክ ይጠብቃል፣ ተው ልበለው ወይ?

ሰላም ጋሼ እንደምን አሉ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ታናሽ ወንድሜም እኔ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው ያለው። ልጅ እያለ የኛን እግር ኳስ ነበር የሚጫወተው፣ ሃይስኩል ሲገባ የአሜሪካን ፉትቦሉ ኮች እግሩን አይቶ ወሰደው፣ በዛው ኮሌጅም በነጻ ተማረበት። ኪከር ነው፣ ያቺን ሞላላ ኳስ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል የሚለጋት ማለት ነው። ኮሌጅ ሲጨርስ ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ የሚመርጡበት) አልተደረገም፣ አንድ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦሉ ትልቁ ሊግ) ቡድን ለካምፕ ጠራውና ኦገስት ላይ አሰናበተው፣ ከዛ ስፕሪንግ ላይ ባለው ትንሹ ሊግ አንድ ሲዝን ተጫወተ፣ አሁን ምንም የለም።

ምንም የለም ስል እሱ ይናደዳል። ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ያለው የሃይስኩል ሜዳ ሄዶ ኳሷን በብረት ማቆሚያ ደግፎ ብቻውን ሲለጋ ያረፍዳል። እሁድ ቲቪ ላይ ጨዋታ ሲኖር ለማንም አይደግፍም፣ አንዱ ኪከር ሲስት ግን ተነስቶ ስልኩን ቻርጅ ላይ ይሰካል፣ እውነቴን ነው። ቡድኖቹ ሰው የሚሞክሩት ማክሰኞ ስለሆነ ማክሰኞ ቤታችን ውስጥ መተንፈስ ራሱ ይከብዳል። አንዳንዴ ይደውሉለታል፣ በአውሮፕላን ሄዶ ከሌሎች አምስት ስድስት ልጆች ጋር ለግቶ ይመለሳል፣ "እንደውልልሃለን አሉኝ" ይላል በቃ።

በቅርቡ ጥሩ ደሞዝ ያለው የቢሮ ስራ አግኝቶ በድንገት መቅረት አይቻልም ስላሉት እምቢ አለ። ኪራይ አይከፍልም እኔም አልጠይቀውም። እናታችን ከአዲስ አበባ እየደወለች "ልጄ ምን ስራ ያዘ" ስትለኝ መልስ የለኝም፣ ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ያው ጥያቄ ነው። ተው ልበለው? ተስፋ ያስቆረጠችው እህቱ ነች እንዲባል ደግሞ አልፈልግም።

እህቱ ነኝ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ ሰላም ነሽ። ወንድምሽ የሚናደደው እውነት አለው፣ ይሄ ስራ ከነመባረሩ ነው ስራ የሚባለው። ሊጉ ውስጥ 32 ቡድን ነው ያለው፣ እያንዳንዱም ባብዛኛው አንድ ኪከር ብቻ ነው የሚይዘው። ሌላ ቦታ የሚጫወት ልጅ ተጠባባቂ ሆኖ አመታት ሊቆይ ይችላል፣ ኪከር ግን ወይ ዋናው ነው ወይ ቤቱ ነው። ስለዚህ ኦገስት ላይ መሰናበቱ ብቻውን አይችልም ማለት አይደለም፣ ቦታው ተይዟል ማለትም ሊሆን ይችላል።

ኒክ ፎክን ልንገርሽ። እሱም ኪከር ነው፣ በ2007 ዳላስ ካውቦይስ በድራፍቱ 6ኛ ዙር ወሰደው፣ ከዛ ኒውዮርክ ጄትስ ብዙ አመት ተጫወተ፣ በ2017 ታምፓ ቤይ ሄዶ ሲዝኑ ሳይጋመስ ተለያዩ። 2018 ሙሉውን ያለ ቡድን አለፈ። በ2019 ኤኤኤፍ የሚባል አዲስ ሊግ ገባ፣ ሊጉ ራሱ ሲዝኑን ሳይጨርስ ፈረሰበት፣ እንግዲህ 34 አመቱ ነው ያኔ፣ እኔ ወንድሙ ብሆን በቃህ እለው ነበር። በዛው አመት ኦክቶበር ላይ ኒው ኢንግላንድ ኪከራቸው ተጎድቶባቸው ስለነበር ጠሩት። በ2020 ሲዝኑ ሊጀመር ሲል ደግሞ አሰናበቱትና መልሰው ፕራክቲስ ስኳድ (ልምምድ ብቻ የሚሰሩት ተጠባባቂዎች) ላይ አስገቡት፣ እንደዛ እያሉ እስከ 2022 ቆየ። በ2023 ቴነሲ ሄዶ ከ30 ፊልድ ጎል (በቋሚዎቹ መሃል ለማስገባት ከሚለጋ ኳስ) 29ኙን አገባ፣ በመቶኛ ከሊጉ አንደኛ፣ 2025 ላይ ጄትስ መልሶ ወሰደው።

ይሄን የነገርኩሽ ግን "ዝም ብሎ ይጠብቅ" ለማለት አይደለም። የነዚህን ሰዎች ነገር ብታዪው የሚጠብቁት እየሰሩ ነው። ጄክ ቤትስ በ2023 ሂውስተን ካሰናበተው በኋላ የግንባታ ጡብ ይሸጥ ነበር፣ በ2024 በዛው ወንድምሽ ባለፈበት አይነት የስፕሪንግ ሊግ በመጀመሪያ ጨዋታው ከ64 ያርድ አገባና በዛው አመት ዲትሮይት ላየንስ ገባ። ማት ብራያንት ቴክሳስ ውስጥ ሰው እቃ አስይዞ የሚበደርበት ሱቅ ሰርቷል፣ በ2006 በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ62 ያርድ ለግቶ ፊላደልፊያን ያሸነፈው ሰውዬ ማለት ነው። ሮቢ ጉልድ በ2005 ቺካጎ ሲጠራው ኮንስትራክሽን ላይ ነበር። ብራንደን ኦብሪ ደግሞ እንደ ወንድምሽ የእግር ኳስ ልጅ ነው፣ በ2017 ቶሮንቶ ኤፍሲ ድራፍት አድርጎት ሳይሳካለት ቀረና ሶፍትዌር ኢንጂነር ሆነ፣ መለጋቱን ከስራው ጎን ለጎን ነው የጀመረው፣ በ2023 ዳላስ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን 35 ፊልድ ጎሎች አንዱንም ሳይስት አገባ፣ ከሱ በፊት እንደዛ የጀመረ የለም።

የቢሮውን ስራ እምቢ ያለበትን ግን እረዳዋለሁ። ሲደውሉ "ነገ ና" ነው የሚሉት። በ2025 የጀማሪ ዝቅተኛው ደሞዝ 840,000 ዶላር ነበር፣ በሲዝኑ 18 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ46,000 ይበልጣል፣ ፕራክቲስ ስኳዱ ራሱ በሳምንት 13,000 ነበር (የኔን ገቢ አትጠይቂኝ)። ጡረታውም 3 የተቆጠረ ሲዝን ይፈልጋል፣ አንድ ሲዝን እንዲቆጠር ደግሞ 3 ጨዋታ በቂ ነው፣ ስለዚህ ለሁለት ሶስት ሳምንት እንኳን ሰው ተክቶ መግባት ትርጉም አለው። በድንገት መቅረት የሚያስችል ስራ ደግሞ ሞልቷል፣ ሰብስቲቲዩት ቲቸር ይሁን፣ የኮንትራት ስራ ይያዝ፣ ሰፈራችሁ ላሉ የሃይስኩል ልጆች ኪክ ያስተምር፣ ወላጆቹ ይከፍላሉ። ያንን አልፈልግም ካለ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።

በሌላው መሳት ስልክ ቻርጅ ማድረጉን ለክፋት አትውሰጂበት። ኮዲ ፓርኪ በ2019 ጃንዋሪ ላይ ለቺካጎ የለጋት የ43 ያርድ ኳስ በተከላካይ እጅ ተነክታ ቋሚውንም አግዳሚውንም መትታ ስትመለስ ከተማው ሁሉ ጠላው፣ ተሰናበተ፣ እሱም ሄዶ እንደ ወንድምሽ ስልክ ጠበቀ፣ ከዛ ቴነሲም ክሊቭላንድም አጫወቱት። ሁሉም ተራው ሲደርስ አንዱ የሌላውን ቦታ ነው የሚገባው።

እና ተው አትበይው። ትሪያውት (ማክሰኞ የሚሞክሩበት) እየጠሩት እስካለ ድረስ ስሙ ዝርዝራቸው ላይ አለ ማለት ነው። ቁጭ ብላችሁ "አንድ ሙሉ ሲዝን ማንም ሳይደውል ካለፈ ምን ታደርጋለህ" በይው፣ መልሱን እሱ ራሱ ይስጥ፣ አንቺ አትወስኚለት። ለእናትሽ "በኮንትራት ነው የሚሰራው፣ ሲጠሩት ይሄዳል" በያት፣ ውሸት የለውም። ለቅሶ ቤት ለሚጠይቅሽ ማብራራት የለብሽም። ኪራይ ግን ትንሽም ብትሆን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተቀበይው፣ ሳይጠየቅ መኖሩ ካንቺ ይልቅ እሱን ነው የሚከብደው።